ዝናቡ መቼ ይገባል? የደሴና የኮምቦልቻ ዙሪያ ገበሬና የአየር ንብረት ለውጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከዘመዶቼ ግማሾቹ ቃሉ ወረዳ ማሽላና ጤፍ ያርሳሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ደሴ ዙሪያ ደጋው ላይ ገብስና ባቄላ። ስለ ዝናብ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ተማሪ ነው፣ አንዳንዱ ከተማ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው፣ አንዳንዱ ውጭ አገር ሆኖ ለቤተሰቡ ብር የሚልክ ነው። ጥያቄው ግን ይመሳሰላል። እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ገበሬው የአየር ንብረት መለወጡን በምን ያውቃል?

በቀን። በሚሊ ሜትር አይደለም፣ በዲግሪም አይደለም። «ድሮ ሚያዝያ ላይ ማሽላ እንጥል ነበር» ይላል። «ድሮ ዝናቡ እስከ መስከረም መጨረሻ ይቆይ ነበር፤ አሁን ነሐሴ ሳያልቅ ጥሎን ይሄዳል» ይላል። ዘግይቶ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል፤ ከአስር ገበሬ የምትሰሙት ይኼንኑ ነው።

ሌላው መለኪያ አካባቢው ነው። እዚያ ማዶ የነበረው ምንጭ መቼ ደረቀ? ወባ ድሮ እስከየት ነበር፣ አሁን እስከየት ወጣ? ጤፍ የማያውቀው ደጋ ላይ ጤፍ የጀመረው መቼ ነው? አንድ አጎቴን «ሙቀቱ ጨምሯል?» ብዬ ብጠይቀው «አንተ ልጅ፣ እኔ የማውቀው ጋቢዬን ነው» አለኝ። ድሮ ጋቢውን የሚያወልቀው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነበር። አሁን ጠዋት ወደ እርሻ ሲሄድ ቤት ጥሎት ይወጣል።

ግን በእርግጥ ዝናቡ ቀንሷል? ወይስ ሰው የድሮውን ስለሚያሞግስ ነው?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ሁለት ፊት አለው።

ሙቀቱ ላይ ክርክር የለም። የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨምሯል። ገበሬውም መሣሪያውም እዚህ ላይ ይስማማሉ።

ዝናቡ ላይ ነው የሚለያዩት። ገበሬው «ቀነሰ» ይላል። የዝናብ መለኪያው የዓመቱን ድምር ሲያሳይ ግን ብዙ ጊዜ ግልጽ የሆነ መቀነስ አይታይም። የክረምቱ ዝናብ ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል እንጂ ጨርሶ እየወረደ አይደለም። ይኼን ያየ የከተማ ሰው «ገበሬው ተሳስቷል» ብሎ ይደመድማል።

አልተሳሳተም። ድምር አይዘራም። ኮምቦልቻ በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት። ሰኔ ላይ ይጥል የነበረው ዝናብ ቀርቶ ሐምሌ ላይ በሁለት ቀን ቢወርድ ድምሩ ያው ነው። የማሽላው ቡቃያ ግን ሰኔ ላይ ደርቋል፤ የሐምሌው ውሃ ደግሞ አፈሩን ጠርጎ ቦርከና ወንዝ ገብቷል። በዚያ ላይ ሙቀት ሲጨምር ያው ዝናብ ቶሎ ይተናል፤ ለሰብሉ የሚተርፈው እርጥበት ያንሳል። ገበሬው «ዝናብ ቀነሰ» ሲል «ለሰብሌ የደረሰው ውሃ ቀነሰ» ማለቱ ነው። እሱ ትክክል ነው።

በልግስ?

በልግ ላይ ሁሉም ይስማማል፤ ገበሬውም ባለሙያውም። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ የማይታመን ሆኗል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ባለፉት አስርት ዓመታት የበልግ ዝናብ ደከም ማለቱ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ብዙ ተመራማሪዎች ከህንድ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ያያይዙታል።

ይኼ ለደቡብ ወሎ ትልቅ ነገር ነው። በደሴ ዙሪያ፣ በኩታበር፣ በለጋምቦና በተንታ ደጋዎች በልግ ማለት ገብስ ማለት ነው። ክረምቱ እዚያ ሲበዛ ውሃ ይተኛል፤ ዘግይቶ የተዘራውን ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ይመታዋል። ስለዚህ ብዙ ደገኛ ኑሮውን በበልግ ላይ ነው የጣለው። በልግ ሲቀር ሰኔና ሐምሌ ላይ ጎተራው ባዶ ይሆናል።

ቆላና ወይና ደጋውም አይተርፍም። ቃሉ ላይ በልግ ሰብል ባይሰጥ እንኳ መሬት ያለሰልሳል፣ ሣር ያበቅላል፣ ማሽላ ያስጥላል። በሬ የካቲትና መጋቢት ላይ ሣር ካላገኘ ሰኔ ላይ ሞፈር የሚጎትት ጉልበት ከየት ያመጣል?

ደሴና ኮምቦልቻ እንዲህ ተቀራርበው ነገሩ ይለያያል እንዴ?

በጣም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ስትሆን ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ ናት። በየ100 ሜትሩ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ 4 ዲግሪ ያህል ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ጃኬት ለብሶ ከደሴ የተነሣ ሰው መንገድ ላይ ሐረጎ ቁልቁለት ሲደርስ ይሞቀዋል፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን በእጁ ይዞት ይወርዳል።

ስለዚህ ላዩ ላይ ሙቀት መጨመሩ ለአንዳንዱ ደገኛ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ዜና ይመስላል፤ ውርጩ ላላ ይላል፣ ስንዴና ጤፍ ወደ ላይ ይወጣል። ታች ቃሉ ላይ ግን የሚወጣበት ቦታ የለም። ገብስ የሚያበቅለው የተራራው ጫፍም ቢሆን ከዚያ በላይ ተራራ የለውም።

ዝናቡ ሲዘገይ ገበሬው ምን ያደርጋል? ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?

ቁጭ ብሎማ አይጠብቅም። የቃሉን ልንገራችሁ፣ የማውቀው እሱን ስለሆነ።

መጀመሪያ ሚያዝያ አለ። በልግ ከጣለ ረጅሙን ማሽላ ይጥላል፤ እነ ደገለትን፣ እነ ጅጉርቴን። እነዚህ ለመድረስ ስድስት ወር፣ ሰባት ወር ይፈጃሉ፤ የሚታጨዱት ኅዳር አልፎ ነው። ግን የሰው ቁመት አልፈው ይሄዳሉ፣ እንጀራቸውም ያምራል። ሚያዝያ ካለፈ ግንቦትን ያያል። ግንቦት ካለፈ ረጅሙን ማሽላ ይተወውና ሰኔ ላይ በአራት ወር የሚደርሰውን አጭሩን ያስባል። እሱም ካልሆነ ሐምሌ ላይ ጤፍ። ጤፉም ካልተሳካ ወይም መሬቱ ካልደረሰ ማሾ፤ እሱ ከሁለት ወር ተኩል ብዙም አያልፍም። መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲወጣ፣ መረሬ አፈር ያለው ሰው በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይጥላል።

አያችሁት? ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ቀን አለው፣ የራሱ ዘር አለው። በየደረጃው ሲወርድ ምርቱም ይወርዳል፤ ባዶ እጅ ከመቅረት ግን ይሻላል። «ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድ» የሚባለው ነገር በገበሬ ቤት ይኼ ነው። ማንም ሥልጠና አልሰጠውም።

ችግሩ ሌላ ነው። በየደረጃው ለመውረድ የየደረጃው ዘር ቤት ውስጥ መኖር አለበት። ሚያዝያ የዘራው ማሽላ አታላይ ዝናብ አብቅሎት ከደረቀ፣ ያ ዘር ተበላ ማለት ነው። ቀጥሎ ለጤፍ ዘር ያስፈልጋል። ጤፉ ከተበላ ለማሾ። በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ የዘራ ሰው አውቃለሁ። ሦስተኛውን ዘር የገዛው በግ ሸጦ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ሁሉም በግ ስለሚሸጥ የበግ ዋጋ ይወድቃል፤ ሁሉም ዘር ስለሚፈልግ የዘር ዋጋ ይወጣል።

በሬም አለ። ጥንድ በሬ ያለው ሰው ዝናብ በጣለ በማግስቱ ይጠምዳል። አንድ በሬ ያለው ግን ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን የሚያርሰው ለሦስት ለአራት ቀን ነው። ተራው ኋላ የደረሰው ሰው ሲጠምድ አፈሩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እንግዲህ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንድ ዝናብ፣ አንድ ዓይነት እውቀት። አንደኛው ያጭዳል፣ ሌላኛው አያጭድም። ልዩነቱ አንድ በሬ ነው።

ከዘሩ በኋላም ሥራ አለ። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በመስመር መስመሩ በበሬ ያርሱታል፤ ሽልሻሎ ይባላል። አረም ያጠፋል፣ የበዛውን ቡቃያ ያሳሳል፣ ዝናቡ እንዲሰርግ አፈሩን ይከፍታል። የተነቀለው ቡቃያ ለከብት ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ቶሎ የሚደርሰውን የተሻሻለ ማሽላ አይዘራም?

ይኼን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ከተሜ ነው።

ዘሩ አለ። ሰሜን ወሎ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር አካባቢ የሚሆኑ ማሽላዎችን አውጥቷል፤ ግራና አንድ ከእነሱ ነው። አቀንጭራን፣ ማለትም የማሽላውን ሥር የሚመጠውን ጥገኛ አረም፣ የሚቋቋሙ ጎብዬና አብሽር የሚባሉ ዘሮችም አሉ። ጥሩ ዘሮች ናቸው።

ግን አጭር ናቸው። ማሽላ ለወሎ ገበሬ ፍሬ ብቻ አይደለም። አገዳው የበሬው የበጋ ቀለብ ነው። አገዳው ማገዶ ነው። አገዳው አጥር ነው፣ ጣሪያ ነው። ልጅ ሆነን ደግሞ ጣፋጩን እየመረጥን እንደ ሸንኮራ እንመጠው ነበር። ተመራማሪው ኩንታሉን ይቆጥራል፤ ገበሬው ኩንታሉንም ሸክሙንም ይቆጥራል። ፍሬ ጨምሮ አገዳ የሚቀንስ ዘር፣ በሬ ላለው ሰው ግማሽ ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው ነገር ወፍ ነው። አጭሩ ማሽላ ቀድሞ ሲደርስ የአካባቢው ወፍ በሙሉ እሱ ላይ ይሰፍራል። ሌላው ማሽላ ገና ነው። ብቻውን ቀድሞ የዘራ ሰው ልጆቹን ከትምህርት አስቀርቶ ማማ ላይ ወንጭፍ ያስይዛል። ቀበሌው ሁሉ ቢዘራው ወፉ ይከፋፈል ነበር።

ስለዚህ ብዙው ሰው የሚያደርገው መክፈል ነው፤ ከፊሉን መሬት ረጅሙን፣ ከፊሉን አጭሩን። መሬቱ ግን ስንት ሆነና ይከፈላል? አብዛኛው ሰው ያለው ከ1 ሄክታር በታች ነው።

የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ይጠቅማል? ወይስ ሞራ ገላጭ ይሻላል?

የምሥራቅ አማራ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ማዕከል እዚሁ ኮምቦልቻ ነው። የወቅት ትንበያ ይሰጣል። ትንበያው የሚነገረው ግን «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» እየተባለ፣ የመሆን ዕድሉ ተገምቶ ነው። ገበሬው የሚፈልገው «ዝናቡ በየትኛው ቀን ይገባል? ከገባ በኋላ ስንት ቀን ያቋርጣል?» የሚለውን ነው። ጥያቄውና መልሱ አይገናኙም። የአስር ቀኑ ትንበያ ለዘር የበለጠ ይቀርባል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በሰዓቱ ካደረሰው በጣም ይጠቅማል፤ «ካደረሰው» የምትለዋን ቃል አስምሩባት።

ሞራ ገላጩስ? ሽማግሌዎቹ የታረደ ከብት ሞራ ዘርግተው ያነባሉ፤ ከዋክብትን ያያሉ፤ የነፋሱን አቅጣጫ ይከታተላሉ። እኔ በሞራው አልምልም። ነፋሱን የሚያነቡትን ግን አልንቅም፤ ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ በእርግጥ አቅጣጫ አለው። ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ግን «ምልክቱም ጠፋብን» ማለት ጀምረዋል። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይቺ ናት።

ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ወሎ ወሎ ነው። ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ይደረጋል፣ ምህላ ይያዛል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ሜዳ ላይ ሲለምኑ ማየት እዚህ አገር ብርቅ አይደለም።

ኤልኒኖ ምንድን ነው?

የፓሲፊክ ውቅያኖስ የተወሰነው ክፍል ከልክ በላይ ሲሞቅ የዓለም የነፋስ ዝውውር ይዛባል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ክረምቱን ያደክመዋል። በ2007 በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ከዳ። በ2008 በአገር ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ ፈለገ። ሽማግሌዎች ግን «ሰባ ሰባት» ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል። የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሃብ ያየ ሰው 2008ን «ተረፍን» ብሎ ነው የሚያስታውሰው።

እርከን ይሠራል?

ይሠራል፣ ግን «ይሠራል» ብቻ ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም።

ከደሴ ብዙም ሳይርቅ ማይባር የሚባል ቦታ አለ። በ1970ዎቹ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተከፈተው እዚያ ነው፤ በአገሪቱ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር። የሚወርደው ዝናብ፣ የሚሄደው ውሃ፣ የሚታጠበው አፈር ለረጅም ዓመት ሲለካበት ቆይቷል። እርከን ጎርፉን እንደሚያረጋጋና አፈሩን እንደሚይዝ ጥርጥር የለም። ዝናቡ በአጭር ጊዜ እየተደፋ በሚመጣበት ዘመን ደግሞ ጥቅሙ ይጨምራል።

ገበሬው የሚያጉረመርመው ግን አለ። እርከን መሬት ይበላል። አይጥ ይደበቅበታል። በሬ ማዞር ያስቸግራል። መሬቱ ጠባብ ለሆነበት ሰው ይኼ ቀላል አይደለም። የደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ የተሠራው እርከን፣ መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ቦታ ፈርሷል፤ ሰው የራሴ ነው ብሎ አልያዘውም ነበርና። ዛሬ እርከኑ ላይ የከብት መኖ ሣር የተተከለበት ቦታ ሄዳችሁ ብታዩ ግን ማንም አያፈርሰውም። ከከብት የተከለለው ተራራም እንደዚሁ ነው። ሣሩን አጭዶ ወደ ቤቱ እንዲወስድ የተፈቀደለት ሰው ራሱ ዘበኛ ይሆናል።

ባህር ዛፍና ጫትስ? እነሱም መላመድ ናቸው?

ናቸው፣ ወደድንም ጠላንም። ደሴ ዙሪያ በልግ ደጋግሞ ሲቀር ሰው ገደሉን በባህር ዛፍ ሞላው። ዝናብ ቢዘገይም አይሞትም። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም ይቆረጣል። ባንክ ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ እህል አያበቅልም፤ እውነት ነው። ምንጭ አናት ላይ የተተከለውን እኔም ብነቅለው ደስ ይለኛል። ግን ድንጋይ በቀረው ገደል ላይ ሌላ ምን እንዲተክል ነው የምንመክረው?

ጫት በቃሉ፣ በተሁለደሬና በወረባቦ የማሽላውን ቦታ እየወሰደ ነው። ትንሽ ውሃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ብሩ የእጅ በእጅ ነው። አደጋው ዋጋው ሲወድቅ ወይም መንገድ ሲዘጋ ነው። ጫት አይበላማ።

ልጅን ዓረብ አገር መላክም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ማንም ጥናት ላይ ቢጽፈውም ባይጽፈውም፣ የብዙ ቤት በሬ የተገዛው ከዚያ በመጣ ብር ነው።

በመስኖ አይቻልም?

ቦርከና አጠገብ ያለው ይጠቀማል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በታች ያለው ውሃ ግን፣ በተለይ ለዮሌ ወንዝ፣ በፍሳሽ መበከሉ በጥናት ታይቷል። ያንን ውሃ ሰላጣ ላይ ባታፈሱት ይሻላል። ተዳፋቱ ላይ ያለው ገበሬ ደግሞ ወንዙን ቁልቁል ያየዋል እንጂ አይደርስበትም።

ተባዩም የአየር ንብረቱ ነው?

በከፊል። መጤ ተምች በ2009 ከውጭ ገባ። የበረሃ አንበጣ በ2013 መባቻ ለአጨዳ የደረሰውን ጤፍና ማሽላ በላ፤ እሱን ያፈላው ዓረብ ባሕረ ገብ መሬትና ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ያልተለመደ ዝናብ መጣሉ ነው። ከዓመት በኋላ በ2014 ጦርነቱ መጣ። በሬው የታረደበት፣ የዘር እህሉ የተወሰደበት ሰው ብዙ ነው። ድርቅን ብቻውን ነጥላችሁ ካያችሁት የገበሬው ነገር አይገባችሁም።

ሴቶች ላይ ይበልጥ ይከብዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ምክንያቱም ቀላል ነው። እዚህ አገር ሞፈር የሚይዘው ወንድ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬቷን የእኩል ትሰጣለች። እኩል አራሹ መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፣ ከዚያ የእሷን። ዝናቡ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ከላይ ስለ መቀናጆ ያልኳችሁ እሷ ላይ እጥፍ ይሆናል፤ ከደረሰውም ግማሹ የእሷ አይደለም።

ሴፍቲኔት አይረዳም?

ይረዳል። ሴፍቲኔት ለችግረኛ ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ምትክ እህል ወይም ብር የሚሰጥ ፕሮግራም ነው፤ ከ1997 ጀምሮ ብዙ ቤተሰብ በሬውን ሳይሸጥ ክፉ ጊዜ እንዲያልፍ አድርጓል። አንድ ቅሬታ አለ፦ የማኅበረሰብ ሥራው የሚበዛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። በልግ የሚያርሰው ደገኛ በዚያን ጊዜ የራሱ እርሻ ላይ መሆን ነበረበት።

ከተማ ነው የምኖረው። ዘመዶቼን ልርዳ ብል ምን ላድርግ?

ብር የምትልኩ ከሆነ ጊዜውን እዩ። አብዛኛው ሰው የሚልከው ለመስከረም፣ ለገና፣ ለዒድ ነው። ያ ደግ ነው። ግን ዘር የሚጠፋው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሚደርስ ብር አንድ በግ ከመሸጥ ያድናል። ማዳበሪያ ይዘገያል ብላችሁ ከፈራችሁም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስትደውሉ ደግሞ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ይሏችኋል፣ አበቃ። «የቱን ዘራችሁ?» በሏቸው። «ማሽላ» ካሏችሁ በልጉ ደህና ነበር። «ጤፍ» ካሏችሁ ማሽላው አልሆነም። ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ አጎቴ ጋ ስደውል «ማሾ እየፈለግን ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩትም። ማታውኑ የዘሩን ብር ላክሁ።